ሄኢንሳ፦ እርጥበትን በመስኮት የሚረታ ገዳም

ደቡብ ኮሪያ ጋያ ተራራ ላይ ያለው ሄኢንሳ በ802 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የቡድሃ እምነት ገዳም ነው። ከዴጉ ከተማ ምዕራባዊ አውቶቡስ ተራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የመመለሻውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት እንደወረዱ መጠየቅ ነው። ከዚያ ጥላ ያለው ዳገት ይጀምራል።

ብዙ ጎብኚ ዋናው አዳራሽ ፊት ፎቶ ተነሥቶ ሲመለስ ማየት ያናድደኛል። የገዳሙ ሀብት ያለው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቀጥ ያለውን ደረጃ ወጥቶ ነው። ሞንጎሎች የቀደመውን ቅጂ በ1232 ካቃጠሉ በኋላ በዚያው ምዕተ ዓመት እንደገና የተቀረጹት ቅዱሳት መጻሕፍት፣ 81,258 የእንጨት ሰሌዳዎች፣ እዚያ ተደርድረዋል። አንዱ ሰሌዳ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ በሁለቱም ገጽ ተቀርጿል።

ሰሌዳዎቹ የተቀመጡባቸው ቤቶች የ15ኛው መቶ ዘመን ሥራ ናቸው። ፊት ለፊት ያለውን ረጅም ቤት መስኮቶች ልብ ብላችሁ እዩ፦ በደቡብ ግድግዳ የታችኞቹ ሰፊ፣ የላይኞቹ ጠባብ ናቸው፤ በሰሜኑ ግድግዳ ተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ ከታች ገብቶ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ ወደ ላይ ይወጣና በጀርባ በኩል ይሄዳል። የወለሉ አፈር ከሰል፣ ጨውና ኖራ ተደባልቆበታል፤ በዝናብ ወቅት እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይለቃል። እኛ ብራናውን በማኅደር ከትተን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ እነዚህ ግን ጥበቃውን ለቤቱ ራሱ ሰጡት። በ1970ዎቹ ዘመናዊ ማከማቻ ተሠርቶ ለሙከራ የገቡት ሰሌዳዎች ሻጋታ ስላወጡ ሐሳቡ ተትቷል።

ውስጥ የሚገባው በሳምንት መጨረሻ፣ አስቀድሞ የተመዘገበ ብቻ ነው። ሌላው በእንጨት ፍርግርጉ ያያል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስለሆነ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ፊትን አስጠግቶ፣ በእጅ ጋርዶ፣ ዓይን እስኪለምድ መቆየት ያስፈልጋል። የውስጡን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ማደር ለሚፈልግ የገዳም ቆይታ አለ። ወለሉ ከሥር ይሞቃል፣ ፍራሹ ስስ ነው፤ ጎኔን ስላሳመመኝ ሁለተኛ ፍራሽ መጠየቅን እመክራለሁ። ምግቡ ሥጋ የለውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፣ ግን ይጣፍጣል። ያነሱትን መጨረስ ግዴታ ስለሆነ በትንሹ ጀምሮ መድገም ይሻላል። የማለዳው ጸሎት ገና ሳይነጋ ስለሚጀመር በበጋም ቢሆን ሹራብ ያዙ።