ክረምቱ ሲወጣ የላሉት ቡሎኖች

ጥቅምት ገባ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ያ ሁሉ ዝናብ ድንገት ቀጥ ብሎ፣ ፀሐዩ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምሯል። ዛሬ ክረምቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ የከረመችውን አውሮፕላኔን ገለጥኳት።

ትንሽ ናት፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ክንፏ እንጨትና ጨርቅ፣ ሞተሯ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ 1600 ሲሲ። ስድስት ዓመት ለፍቼ ራሴ ነኝ የሠራኋት። ገና አልበረረችም፤ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ሳልይዝ ከመሬት አላነሣትም፤ እስከዚያው ጎማዋን አግጄ፣ ጅራቷን ከግንድ ጋር አስሬ ሞተሯን እያስነሣሁ አዳምጣታለሁ። ሰው "ካልበረረች ምኗን ነው የምትጠግነው?" ይለኛል። የቆመ ነገር እኮ ነው ቶሎ የሚበላሸው! አይጥ ሽቦዋን ይበላል። ፍጥነት የምትለካበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተርብ ጭቃ ይለስናል። ታንከሩ ጎዶሎ ሆኖ ከከረመ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ውስጡ ላብ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ከታንከሩ ሥር በጠርሙስ ስቀዳ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች ተለይቶ ቁጭ አለ፤ አንድ ጣት ይሆናል። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሜ ቀዳሁ።

ግን የዛሬው ነገር ውሃው አይደለም። ፕሮፔለሩ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረው።

ፕሮፔለሯ እንጨት ነው፤ በስድስት ቡሎን ከሞተሩ ጋር ይታሰራል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ፣ ቡሎኖቹን የጥብቀታቸውን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ስሞክራቸው ስድስቱም ላልተዋል። ሰኔ ላይ መመሪያው እንደሚለው አጥብቄ በደብተሬ ጽፌአለሁ፣ ማንም አልነካቸውም። ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ አባየ መጡ፤ ከሉማሜ ለገበያ ወጥተው እኔ ጋ አድረው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው፤ ሞተር አያውቁም፣ እንጨት ግን ያውቃሉ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ፕሮፔለሩ ላይ አሳርፈው ዝም አሉና፣ "ልጀ፣ የመጥረቢያ ዛቢያ በጋ ሲሆን ምን ይሆናል?" አሉኝ።

ይላላል። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ መጥረቢያውን ውሃ ውስጥ የምነክረው እኔ ነበርኩ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጠዋት ብረቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ክረምት ላይ ፕሮፔለሩ አብጦ ራሱን ከብረቱ ጋር ጨፈለቀ፣ ፀሐይ ሲወጣ ደረቀና ሸሸ፣ ቡሎኑ በነበረበት ቀረ። መመሪያው ላይ "ወቅት ሲቀየር እንደገና አጥብቅ" የሚል መስመር አለ፤ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ የገባኝ ግን ዛሬ ነው።

ስፈታው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። እንጨቱ ብረቱን የሚነካበት ፊት ላይ ቡናማ ክብ አለ። ቃጠሎ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ፕሮፔለሩ የሚያሻግሩት በዋናነት ቡሎኖቹ አይደሉም፣ የሁለቱ ፊት ተጣብቆ መያያዝ ነው፤ ያ ሲላላ እንጨቱ ይፈጋል፣ ይግላል፣ ያራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ በመጨረሻም ቡሎኑ ይቆረጣል። ይህ ጠባሳ ያለፈው በጋ ነው፤ ያኔ እንደላላ አስነሥቼዋለሁ ማለት ነው። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ሥር ቆመው እያዩ! ይህን ሳስብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዛሬ ጀምሮ ሞተር ሲነሣ ማንም ከፕሮፔለሩ ጎን አይቆምም፤ ልጆቹ ወደ ኋላ፣ ከድንጋዩ መስመር ውጭ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ የሠራት "ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን የተመለሰች ሰሞን፣ በጥር 2016፣ ፎቶዋን አጉልቼ ያየሁት አፍንጫዋን ነበር። ያን ጊዜ በየጠዋቱ እሷን የሚነካካው እጅ የማን ነበር? ስሙን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቃጠሎው ላይ ላዩን ብቻ ነው፣ ቀዳዳዎቹም አልሰፉም። መልሼ ገጠምኩት፤ ፊት ለፊት ያሉትን ቡሎኖች እያፈራረቅሁ ቀስ በቀስ አጠበቅኋቸው። መሬት ላይ እንጨት ተክዬ፣ የፕሮፔለሩ ሁለት ጫፎች በአንድ መስመር ማለፋቸውን በየተራ ለካሁ፤ ልዩነታቸው 2 ሚሊሜትር ነው፣ ለእንጨት እስከ 3 ይፈቀዳል። እዚህ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ በፕሮፔለር የሚባክን ምንም የለኝም።

ደብተሬ ላይ ቀኑንና የስድስቱንም ቡሎን የጥብቀት ልክ ጻፍኩ። ነገ ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቼ፣ ሲበርድ እንደገና እለካቸዋለሁ። አባየ ነገ ወደ ሉማሜ ሊመለሱ ነበር፤ "የሱን ነገር ሳላይ አልሄድም" ብለው ቀሩ።