የመቀነቷ ቋጠሮ

ደሴ ውስጥ በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ ነው። አንድ አባት ከኩታበር የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «የወፍ በሽታ ነው ብለውን ሥር አጠጣናት» አሉኝ። ዓይኗን ገልጬ አየሁ። ቢጫነት የለውም።

ልጅቷ ዝም ብላ መቀነቷን ፈታች። ድሮ የምትቋጥርበት ቦታ ጨርቁ ተጨማዷል። አዲሱ ቋጠሮ ከሱ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጫፍ ሸሽቷል። «ከመስከረም ወዲህ ነው» አለች። ሆዷን ስዳስስ ከጎድኗ ሥር ጠንካራ ነገር እጄን ገፋው።

አልትራሳውንዱ ጉበቷ ላይ ትልቅ እብጠት አሳየ። ሄፓታይተስ ቢም ሲም የለባትም። የቀረው ጉበቷ ጤነኛ ነው። በጉበት ካንሰር ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባለው የደም ምርመራም ኖርማል ሆኖ መጣ። ደስ አለኝ። «አባባ፣ ካንሰር አይመስልም። ከ6 ወር በኋላ ይምጡ» አልኳቸው። «አላህ ይስጥልኝ» ብለው እጄን ሳሙኝ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በማግስቱ ለሰርጅናችን ነገርኩት። «ሸኘሃት? አሁኑኑ ደውል» አለኝ። በወጣቶች ላይ፣ ያውም በጤነኛ ጉበት ላይ የሚወጣ ብርቅ ካንሰር አለ፤ ፋይብሮላሜላር ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በፈረንጆች 1956 ነው። አልፋ ፌቶፕሮቲን በአብዛኞቹ ላይ ከፍ አይልም። እኔን ያረጋጋኝ ነገር ሁሉ ለካ የዚሁ በሽታ መልክ ነበር!

የሰጡኝ የጎረቤት ስልክ ነው። እስኪያነሱ ሦስት ቀን ፈጀ። ሦስቱንም ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ሲመለሱ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፍኩላቸው። «ጉበቷን ቆርጣችሁ በምን ልትኖር ነው?» አሉ አባትየው። ጤነኛ ጉበት ሲሶው ብቻ ቢቀር እንኳ በሳምንታትና በወራት ውስጥ መልሶ እንደሚያድግ አስረዳኋቸው። የዚህ ካንሰር ዋናው ተስፋ ቀዶ ጥገና ነው፤ ኬሞው እምብዛም አያግዝም። እብጠቱ ከነዙሪያው ወጣላት። ወደ ንፍፊት መዛመት ስለሚወድ በአቅራቢያው ያሉትም አብረው ወጡ።

በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ንፍፊት ላይ ተመለሰ። ይህ በሽታ ተቆርጦም መመለስ ይወዳል፤ ክትትሉ የማይቋረጠው ለዚህ ነው። በጊዜ ስለተገኘ ድጋሚ በቀዶ ጥገና ወጣላት።

ባለፈው ወር ለክትትል መጣች። የቀጠሮ ካርዷን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ቀጣዩን ቀን ጻፍኩላት። አጥፋ መልሳ ቋጠረችው።