ከለገጣፎ ሆኜ የቪኤ የጉዳት ካሳ ክሌሜን እንዴት እንዳስጨረስኩ

በአሜሪካ ጦር አገልግለው ወደ አገር ቤት የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች ሲያገኙኝ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ቪኤ ክሌም ለመጨረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» ቪኤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች (የቬተራኖች) ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፣ ክሌም ደግሞ የካሳ ማመልከቻው። የኔ ከመስቀል በኋላ ገብቶ ውሳኔው የመጣው በፍልሰታ ጾም ነው። ቪኤ ከ125 ቀን በላይ የቆየን ክሌም ውዝፍ ብሎ ነው የሚመዘግበው። የኔም ከውዝፎቹ አንዱ ነበር ማለት ነው። ግን ጊዜው የት የት እንደሚሄድ ካወቃችሁ፣ እዚህ ሆናችሁም የምታሳጥሩት ክፍል አለ።

አንድም ወረቀት ሳልሰበስብ መጀመሪያ ያደረግኩት «ኢንተንት ቱ ፋይል» የሚባለውን፣ ክሌም ላስገባ ነው የሚል ማሳወቂያ በኦንላይን መላክ ነው። ይህ ቀኑን ለአንድ ዓመት ይይዝላችኋል። ዋናውን ፎርም፣ 21-526ኢዜድን፣ በዚያ ዓመት ውስጥ ካስገባችሁ ክፍያው ሲፈቀድ በማሳወቂያው ቀን ላይ ተመሥርቶ ይታሰባል። እኔ ክረምት ሲገባ ልኬው ስለነበር ማስረጃ ስሰበስብ ያለፉት ወራት አልተቃጠሉብኝም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱ።

ረጅሙ ጊዜ የሚያልፈው ማስረጃ በማሰባሰብ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ የሚላክ ክሌም የሚታየው ፒትስበርግ ባለው ቢሮ ነው። እዚያ ያለው ሰው ደግሞ የኛን ወረቀት አያውቀውም። ለምሳሌ እዚህ የታከምኩበት ክሊኒክ ካርዴ ላይ ቀን የሚጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። 2014 የሚለውን ካርድ ፈረንጅ ሲያነበው በራሱ 2014 ይወስደዋል። በፈረንጆቹ 2014 እኔ ገና ዩኒፎርም ላይ ነበርኩ! ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት በእንግሊዝኛ አስተረጎምኩ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስጻፍኩ። ስማችንም እንደዚሁ ነው። በዲዲ 214 (ከጦሩ ስንሰናበት በሚሰጠን የአገልግሎት ሰነድ) ላይ ያለው አጻጻፍና የክሊኒኩ አጻጻፍ በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አብራችሁ አስገቡ።

ሐኪሜን የጠየቅኩት ግልጽ ነገር ነው። የጉልበቴ ጉዳት ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆን ዕድሉ ቢያንስ ሃምሳ በመቶ ነው ብሎ ያምናል? ካመነስ ለምን? ቪኤ የሚጠይቀው ይህንኑ ያህል ነው። መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም። ይህን ስነግረው ሐኪሙ ያለ ፍርሃት ጻፈልኝ።

ታላቅ እህቴ የምስክርነቱን ፎርም፣ 21-10210ን፣ ሞላችልኝ። መጀመሪያ የጻፈችው «ወንድሜ ብዙ ተጎድቷል፣ እባካችሁ እርዱት» የሚል ነበር። «እትዬ፣ በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው» አልኳት። ያኔ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዤ ደረጃ እንደምወርድ ጻፈች። ቅዳሴ ቆሜ መጨረስ አቅቶኝ፣ መቋሚያ ይዤም ቢሆን መሃል ላይ እንደምቀመጥ ጻፈች። የውሳኔው ደብዳቤ ይህንን ምስክርነት ጠቅሶታል። እንባዬ ነው የመጣው።

ቪኤ ለክሌሙ ብሎ የሚያዘው የሕክምና ምርመራ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ቀጠሮውን የሚያስይዙት ብዙ ጊዜ ቪኤ የተዋዋላቸው ድርጅቶች ስለሆኑ ከማታውቁት የውጭ ቁጥር ሊደወልላችሁ ይችላል። አንሱት። ያለ በቂ ምክንያት ከቀራችሁ ፋይሉ ውስጥ ባለው ብቻ ይወሰናል። ሌላው የኛ አስተዳደግ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። መርማሪው ደህና ነኝ ብሏል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኔ ከመሄዴ በፊት ጉልበቴ ሲብስበት ምን ማድረግ እንደማልችል በወረቀት ጽፌ ያዝኩ። ስጠየቅም እሱን አነበብኩ። ማማረር እንዳይመስላችሁ። እውነቱን መናገር ነው።

አድራሻ ሌላው ፈተና ነው። እዚህ ለገጣፎ ፖስተኛ በር አያንኳኳም። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ሰጠሁ፣ ደብዳቤዎቹን ደግሞ በኦንላይን አካውንቴ እከታተል ነበር። መግቢያ ኮዱ በአሜሪካ ስልክ ቁጥር የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ ቁጥሩ ሳይዘጋ ወደ አውተንቲኬተር አፕ (ኮዱን ያለ ስልክ መልእክት ወደሚያወጣ መተግበሪያ) ቀይሩት። ቪኤን በስልክ ለማነጋገር ደግሞ በምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት ሁለት ሰዓት (በፈረንጆቹ 8 ሰዓት) ማለት በኛ ከቀኑ ዘጠኝ ወይም አስር ሰዓት ነው፣ እንደየወቅቱ።

ኦንላይን ላይ የሚታየው የክሌማችሁ ደረጃ ወደ ፊት ሄዶ እንደገና «ማስረጃ ማሰባሰብ» ወደሚለው ደረጃ ሲመለስ አትደንግጡ። ተጨማሪ ነገር ሲፈለግ ይመለሳል። እናንተም ከገባ በኋላ አዲስ ወረቀት በየሳምንቱ መላክ አያፋጥነውም፣ ሊያዘገየው ይችላል። ሁሉንም መጀመሪያውኑ አንድ ላይ አስገቡ።

አንድ ሰው ከሚከፈለኝ ላይ ድርሻ ከሰጠሁት ሊያስጨርስልኝ ቃል ገብቶ ነበር። እምቢ አልኩት። ለመጀመሪያ ክሌም ማዘጋጃ ገንዘብ መጠየቅ በአሜሪካ ሕግ አይፈቀድም። እንደ ዲኤቪ እና ቪኤፍደብሊው ያሉ የቬተራን ማኅበራት በነፃ ይረዳሉ። ያንን ወንድማችንን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ስንቱ ከፍሎት ይሆን?

ውሳኔው ካላረካችሁ አንድ ዓመት አላችሁ። አዲስ ማስረጃ ካገኛችሁ ሰፕሊመንታል ክሌም (ተጨማሪ ክሌም) አስገቡ። ማስረጃው በቂ ሆኖ የተመዘነው በስህተት ነው ካላችሁ ሃየር ሌቭል ሪቪው፣ ማለትም በበላይ ገምጋሚ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። በዳኛ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ወደ ቬተራኖች ይግባኝ ቦርድ ይግባኝ አለ፣ እሱ ግን ረጅሙ መንገድ ነው። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት ፎሪን ሜዲካል ፕሮግራም ላይ ተመዝገቡ። ቪኤ ለተቀበለው ጉዳት እዚህ የምትታከሙበትን ወጪ ይሸፍናል። የክሊኒኩን ደረሰኝ ከዛሬ ጀምሮ አስቀምጡ፣ የምርመራው ውጤትና የሕክምናው ዓይነትም በዝርዝር ይጻፍበት።