ኒዮቪምን ባዶ አድርጎ መክፈት

ትናንት ማታ ኒዮቪም የሚባለው የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራሜ (ኤዲተሬ) አላስጽፍ አለኝ። አንድ ፊደል በነካሁ ቁጥር ጠቋሚው ሁለት ሰከንድ ድርቅ ይላል። ፋይሉ የአማርኛ ስለነበር መጀመሪያ በፊደላችን ላይ አላከክሁ።

ከዚያ "ኤንቪም" ብዬ በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት (ተርሚናል) ጽፌ፣ ሁለት ሰረዝና "ክሊን" ጨምሬ ከፈትኩት። እንዲህ ሲከፈት የኔን ሴቲንግም ሆነ የድሮ የታሪክ መዝገቡን አያነብም። ያው ፋይል ሽው አለ! ደስ አለኝ፤ ፊደሉ ምንም አላጠፋም።

ግን የለመድኩትን ሴቲንግ መሰረዝ አልፈለግኩም። ከኒዮቪም ስሪት 0.9 ጀምሮ "ኤንቪም አፕኔም" የሚባል ተለዋዋጭ (ኒዮቪም ሲከፈት የሚያነበው እሴት) አለ። ሌላ ስም ስትሰጡት ሴቲንጉ፣ ፕለጊኑ (ተጨማሪ መሣሪያው)፣ ካሹ (ጊዜያዊ ማከማቻው) ሁሉ በዚያ ስም ለብቻው ይቀመጣል። የድሮው አይነካም። እዚያ ውስጥ ፕለጊኖቼን አንድ በአንድ መለስኩ። አራተኛው ላይ ጠቋሚው እንደገና ቆመ።

አወጣሁትና ጽሑፌን ቀጠልኩ።