የሳባን ፊደል በሊኖ ስቀርጽ

ትግራይ ውስጥ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ካለበት ከይሓ ስመለስ ደብተሬ ውስጥ ስድስት የሳባ ፊደሎች፣ የጥንት ደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት፣ ገልብጬ ነበር። 14 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረበው የቤተ መቅደሱ ግንብ ፊት ቆሜ ብዙ ሰዓት ባሳልፍም፣ ወደ ቤት ይዤ የመጣሁት ጽሑፍ ካለባቸው ድንጋዮች ላይ ያየኋቸውን ቅርጾች ነው። ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። ቅርጻቸው ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

መጀመሪያ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ጀመርኩ። አንድ ወር ሙሉ ሣልኩ፤ ሁሉም የብራና ጽሕፈት መሰለ። እጄ ልጅ ሳለሁ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ እጅ ነው፤ ሳላስበው ቁሙን ያወፍራል፣ አግድሙን ያቀጥናል። ይህ የብርዕ ጠባይ ነው። የሳባ ፊደል ግን ብርዕን አያውቅም። መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት አለው፣ ክቡ በትክክል ክብ ነው፣ ፊደሎቹ በሁለት መስመሮች መካከል በአንድ ቁመት ተሰልፈው ይቆማሉ። የመሮ ልጅ ነው። ብሩሹን አስቀምጬ ማስመሪያና የሊኖ (ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ የሚያትሙበት ለስላሳ ሰሌዳ) መቅረጫ ያነሳሁት ይህ ሲገባኝ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ምንም ሳልሥል ፊደሉን ብቻ ቆጠርኩ። ይህን የሚሞክር ሰው ቢኖር አጥብቄ የምመክረው ይህንኑ ነው። 29 ፊደሎች ናቸው፤ ተነባቢ ብቻ እንጂ ካዕብ፣ ሣልስ የሚባል የለም። ቅደም ተከተሉ ሲጀምር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው! ማታ ላይ ከኛ ፊደል ጎን ለጎን ደርድሬያቸው ስመለከት እንግዳ የመሰሉኝ ቅርጾች አንድ በአንድ የማውቃቸው ሆኑ። ክቡ ዐ ነው። ክብ ሆኖ መሐሉን መስመር የሰነጠቀው ወ ነው። ዘንግ ላይ የተቀመጠው ክብ የ ነው። ሐ በነሱ ዘንድ ሦስቱን ጣቶቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማለች፤ እኛ ዘንድ ተገልብጣለች። ሀ ከሥሯ እግር ነበራት፣ ኋላ ቀርቶባታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለመጀመሪያው ሊኖ የመረጥኩት ቃል ባለ አምስት ፊደል ነው፤ አ፣ ለ፣ መ፣ ቀ፣ ሀ፤ አልመቃህ፣ የሳባ ሰዎች ትልቁ አምላክ ስም። በ2007 እ.ኤ.አ. ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ ከተባለው ቦታ በተገኘው መሠዊያ ላይ ተቀርጿል። ፎቶውን ይዤ ስሙን ከነአካባቢው ስገለብጥ በፊደሎቹ መሐል ቀጥ ያለች መስመር አስቸገረችኝ። ቅንብሩን ታበላሽብኛለች ብዬ ተውኳት። ንድፉን የቋንቋ ጥናት ለሚያውቅ ወዳጄ ሳሳየው ገና ከማየቱ፣ “አንተ፣ ይቺን መስመር የት አደረስካት?” አለኝ። ቃል መለያዋ ናት፤ የኛ ሁለት ነጥብ የምትሠራውን ሥራ ነው የምትሠራው። እኔ ጭረት መስላኝ ሁለት ቃል አጣብቄ ነበር። አፈርኩ። መልሼ ስቀርጻት ቅንብሩ ራሱ ተነፈሰ፤ ትርፍ ያልኳት መስመር ለዓይንም ማረፊያ ነበረች።

ሁለተኛው ስህተት ግን ሥራውን ወለደው። በስስ ወረቀት የነደፍኩትን ወደ ሊኖው ሳሳልፍ ወረቀቱን መገልበጥ ረሳሁ። ቀርጬ፣ ቀለም በሮለር ቀብቼ፣ ወረቀቱን አልብሼ በማንኪያ ጀርባ አሽቼ ሳነሳው ጽሑፉ ዞሯል። ከቀኝ ወደ ግራ መነበብ የነበረበት ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል። ቀ እና ሀ ግራ ቀኛቸው አንድ ስለሆነ እንዳሉ ናቸው፤ ለ እና መ ግን ፊታቸውን አዙረዋል። ልጥለው ስል፣ ጥንታዊዎቹ የሳባ ጽሑፎች የሚሄዱበት መንገድ ትዝ አለኝ። በሬ ትልሙን ጨርሶ ዞሮ እንደሚመለስ፣ አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ፊደሎቹም አብረው ይዞራሉ። የተበላሸው ህትመቴ የመልሱ ትልም ነበር።

አሁን ስሙን አራት መስመር አድርጌ ነው የምቀርጸው። ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው ወረቀቱን እገለብጣለሁ፣ ለሁለተኛውና ለአራተኛው አልገለብጥም። መስመሩ ሲዞር ሁሉም ይዞራል፤ ለውበት ብሎ አንዷን ፊደል ለብቻዋ ማዞር አይሆንም። በፊት ያደረግኩት እሱን ነበርና እነዚያን ንድፎች ቀድጄአቸዋለሁ።

ስለ ወረቀትና ቀለም ብዙ የምለው የለኝም፤ ሳሳ ያለ፣ ውሃ የሚጠጣ ወረቀት ይሻላል፣ ቀለሙ ከበዛ ቀጫጭኑን ቅርጽ ይሞላዋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አዲሱ ሊኖ የመ ብቻ ነው። በድንጋዩ ላይ መ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሁለቱ ጉብታዎቿ ወደ ጎን ናቸው፤ እኛ ዘንድ ተኝታለች። በሰባት ሰሌዳ፣ ከቆመችበት እስክትተኛ ድረስ ቀስ በቀስ አዘነብላታለሁ። ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ።