የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ አብረው ሲወጡ፦ የዲኤክስ ዳሽቦርድ እንዴት እንደጠገንኩ

ከአዲሱ ገበያ በእንጦጦ ዳገት ወደ ሱሉልታ ለሚመላለስ አሮጌ መኪና ሁለቱ ጌጆች ትልቅ ነገር ናቸው። ዳገቱ ሞተር ያሞቃል፤ ማደያ ላይ ሰልፍ ባለበት ጊዜ ደግሞ ቤንዚኑ ስንት እንደቀረ ካላወቁ መንገድ ላይ መቅረት ነው።

መኪናዋ ባለ 4ኬ ሞተር ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ኳድሮ (የሞተር ማስነሻ ቁልፉ) ሲከፈት የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት አብረው ይወጡና ከመጨረሻው መስመር አልፈው ይቆማሉ። ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጭ ሁለቱም ለትንሽ ጊዜ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ከዚያ እንደገና ይወጣሉ።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው በቀጥታ ሶማሌ ተራ ሄዶ ፍሎተር፣ ማለትም ታንኩ ውስጥ ሆኖ የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚያስታውቀውን ዕቃ፣ ይገዛል። እኔ ምንም ከመግዛቴ በፊት የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚሳሳተው አንዱ ጌጅ ነው ወይስ ሁለቱም? አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው ፍሎተሩ ወይም ቡልቦው (የሞተሩን ውሃ ሙቀት ለጌጁ የሚያስታውቀው)፣ ሽቦው፣ አለዚያም ጌጁ ራሱ ላይ ነው። ሁለቱም አብረው ከተሳሳቱ ግን የሚፈለገው የጋራቸው የሆነው ነገር ነው። የጋራቸው ደግሞ ፊውዙ፣ የዳሽቦርዱ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) እና ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚያረጋጋው ሬጉሌተር ናቸው። ፊውዝ ቢቃጠል ቀስቶቹ ይወድቁ ነበር እንጂ አይወጡም። ስለዚህ የቀሩት ማሳና ሬጉሌተር ነበሩ።

የዚህ ዘመን ቶዮታ ጌጅ የሚሠራው በሙቀት ነው። ውስጡ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ዝርግ አለ፤ በላዩ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፣ ዝርጉ ይጎብጣል፣ ቀስቱን ይገፋል። ቀስቱ ቀስ እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው። የመኪና ቮልቴጅ ግን አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሞተር ሲጠፋ 12፣ ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። ጌጁ በዚህ እንዳይሳሳት ሬጉሌተሩ ኮንታክቱን እየከፈተና እየዘጋ በአማካይ 7 ቮልት ገደማ ያሳልፋል። ዲኤክስ ላይ ሬጉሌተሩ ለብቻው ሳጥን የለውም፣ የነዳጅ ጌጁ ውስጥ ነው ያለው።

የሚያሳስተው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሬጉሌተሩ ኮንታክቱን የሚከፍተው የራሱ ማሞቂያ ሽቦ ሲሞቅ ነው፤ ያ ሽቦ የሚሞቀው ደግሞ ማሳ ሲያገኝ ብቻ ነው። ማሳው ከተቋረጠ ኮንታክቱ ተዘግቶ ይቀራል፣ ሙሉው የባትሪ ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ጌጆች ይሄዳል። ማሳ ሲጠፋ መብራት ይደበዝዛል ብለን ስለለመድን ጌጅም የሚወርድ ይመስለናል፤ እዚህ ግን ይወጣል።

ይህን ያረጋገጥኩት በ12 ቮልት 3.4 ዋት የዳሽቦርድ አምፖል ነው። ታንኩ ላይ ያለውን የፍሎተር ሶኬት ነቅዬ አምፖሉን በጌጁ ሽቦና በቦዲው መካከል አገናኘሁ፣ ከዚያ ኳድሮ ከፈትኩ። ሬጉሌተሩ ደህና ቢሆን አምፖሉ ጥቂት ሰከንድ በርቶ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምር ነበር። የኔው ሳይጠፋ እንደበራ ቀረ። በአምፖሉ ፋንታ ሽቦውን በቀጥታ ከቦዲ ማነካካት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ሬጉሌተሩ ሙሉ ቮልቴጅ እያሳለፈ ባለበት ሰዓት ይህ የጌጁን ማሞቂያ ሽቦ ያቃጥለዋል። ዲጂታል ቴስተርም ለዚህ ምርመራ አይመችም፣ ቁጥሩ ይዘላል እንጂ አይነበብም።

ቀጥሎ ዳሽቦርዱን ነቀልኩ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ፣ ከዚያ የዙሪያውን ክፈፍ ብሎኖች፣ ከዚያ ጌጆቹን የያዘውን ክፍል። ወደ ራስ ሳብ ሲደረግ የኪሎሜትሩ ገመድ ይይዘዋል፤ እጅ ከኋላ አስገብቶ ክሊፑን መጫን እንጂ መጎተት አያስፈልግም። ይህን ሥራ በሱሉልታ የጠዋት ብርድ አትሥሩት። ያረጀ ፕላስቲክ ሲበርደው ጆሮው ይሰበራል፤ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሞ ረፋድ ላይ መጀመር ይሻላል።

ከጀርባው ስስ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፉ የመዳብ መስመሮች አሉ። ከመስመሮቹ አንዱ በቀለበት ያልቅና በብሎን ከቦዲው ጋር ይታሰራል፤ ማሳው እሱ ነው። ብሎኑን ስፈታ ቀለበቱ ጥቁርና አረንጓዴ ዝገት ይዞ፣ ግማሹም ተሰንጥቆ አገኘሁት። በቴስተር ከቀለበቱ እስከ ቦዲው ስለካ ቁጥሩ በአሥሮች ኦም መካከል ይዋልል ነበር፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ይቀየራል። መሆን የነበረበት ከ1 ኦም በታች ነው። ኮብልስቶን ላይ ቀስቶቹን ወደ ቦታቸው ሲመልሳቸው የነበረው ይኸው የተሰነጠቀ ቀለበት ነው።

መዳቡን በእርሳስ ላጲስ አጸዳሁት። የብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፣ መስመሩ ስስ ስለሆነ ተፍቆ ያልቃል። በስንጥቁ ላይ ቀጭን ሽቦ በሊድ በየድኩ፤ የጋለው ጫፍ ከ2 ሰከንድ በላይ ካረፈ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከዚያ ከዚያው ብሎን ሥር ሌላ ሽቦ አስነስቼ ቀለሙን በፋቅኩት ቦዲ ላይ አሰርኩ፣ ማሳው በቀለበቱ ብቻ እንዳይንጠለጠል። የጌጆቹንም የጀርባ ዳዶዎች ፈትቼ አጽድቼ መልሼ አጠበቅኩ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ቀስቶቹም ወረዱ።

የሬጉሌተሩ ኮንታክት ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የማደርገው ኤልኤም317 በሚባለው ቺፕ 7 ቮልት መሥራት ነበር፦ ከመውጫው ወደ ማስተካከያው 240 ኦም፣ ከማስተካከያው ወደ ማሳ 1.1 ኪሎ ኦም። የዚህ ቺፕ ጀርባ ብረት ማሳ ሳይሆን መውጫው ራሱ ነው። ያለ ማገጃ ቦዲ ላይ ካሰሩት ጌጆቹ ምንም አይደርሳቸውም። ይሞቃልና ማቀዝቀዣ ብረትም ይፈልጋል፤ የድሮው ኮንታክትም ከመስመሩ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ።

የሙቀቱ ጌጅ በዚህ ተስተካከለ። የነዳጁ ግን አሁንም ግማሽ አካባቢ ይዘል ነበር። አሁን የሚሳሳተው አንድ ብቻ ስለሆነ ፍሎተሩን ለማየት ጊዜው ነው። ቤንዚኑን በጀሪካን ቀድቼ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ ደጅ ላይ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት አወጣሁት። ክንዱን ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጌ እያነሳሁ ስለካ ባዶ ላይ 120 ኦም ገደማ፣ ሙሉ ላይ 17 ገደማ ሰጠ፤ መሀል ላይ ግን ቁጥሩ ይጠፋል። ጥምጥሙ ሽቦ ላይ ጠቆር ያለ ሙጫ መሰል ቆሻሻ ነበር። በኮንታክት ማጽጃና በጥጥ ጠረግኩት፣ የሚንሸራተተውን ምላስም ትንሽ ወደ ሽቦው አጠጋሁት። ተንሳፋፊውን ጆሮ አጠገብ አድርጎ መነቅነቅም ይገባል፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተበስቷል፣ ታንኩ ሙሉ ሆኖም ጌጁ ዝቅ ብሎ ያሳያል። ከገጠምኩ በኋላ የቀዳሁትን ቤንዚን 5 ሊትር 5 ሊትር እየመለስኩ፣ በየመሀሉ ቀስቱ እስኪረጋ ጠብቄ የቆመበትን ጻፍኩ። ጌጁ እኩል አይከፋፍልም፣ ከባዶ ጠርዝ በታችም ጥቂት ሊትር ይቀራል፤ ያንን ማወቅ የሚቻለው እንዲህ ሲለካ ብቻ ነው።

ስለ ሙቀቱ ቡልቦ ሁለት ነገር። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አታብዙ፤ ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያሳያል። በፈላ ውሃ ስትፈትኑትም እኛ ጋ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደማይፈላ አስቡ፤ በሱሉልታ ከፍታ 91 ገደማ ነው የሚፈላው። ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፈተው በ80ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ስለሆነ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ በደህናው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው 10 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ቀስቱ ገና መሀል ላይ ሳለ ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጌጁ ከተሠራ በኋላ ክዳኑን ቀየርኩ፣ እንጦጦን ስትወጣ ቀስቱ የሚረጋበትን ቦታም በጠባብ ፕላስተር መስተዋቱ ላይ ምልክት አደረግኩ። ከምልክቱ ካለፈ እቆማለሁ። ዳገት ላይ በድንገት ከወረደም እቆማለሁ፤ ውሃው ጎድሎ ቡልቦው በእንፋሎት ውስጥ ሲቀር ጌጁ የሚያሳየው ቅዝቃዜ ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን በዚያው ሰዓት እየጋለ ነው።