የሩጫው ካሎሪ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር

ዛሬ ማለዳ መስቀል አደባባይ ሩጫችንን እንደጨረስን ጓደኛዬ የእጅ ሰዓቷን እያሳየችኝ «ያቃጠልኩትን ያህል ጨምሬ ልብላ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ጥያቄ በመሆኑ መልሱን እዚህም ላስፍረው ወደድኩ።

ሰውነታችን አርፈን ብንቀመጥ እንኳ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለሩጫው ብቻ በግምት 350 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ በ40 ደቂቃ ቢጨርሰው ግን የእጅ ሰዓቱ አርፎ ቢቀመጥም የሚያወጣውን ደምሮ 400 ገደማ ሊያሳየው ይችላል፤ ይህ የእረፍት ካሎሪ ግን በቀን ፍላጎቱ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ፣ 400ውን እንዳለ ከጨመረ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ድግግሞሽ ነው። የጓደኛዬን ስልክ ከፍተን ስናይ፣ ካሎሪ የሚቆጥርላት መተግበሪያ የቀን የካሎሪ ፍላጎቷን ያሰላው «በሳምንት ብዙ ቀን ስፖርት እሠራለሁ» በሚለው ምርጫዋ መሠረት ስለነበር ሩጫው አስቀድሞ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል፤ እንደገና መጨመር የለበትም። የየዕለቱን ሩጫ ለብቻው መመዝገብ የሚፈልግ ሰው መተግበሪያው ላይ የእንቅስቃሴ ምርጫውን «እንቅስቃሴ የሌለው» ማድረግ ይኖርበታል። የምግቡም ግምት የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይሻል፤ ሽሮው ላይ የምትጨመር አንዲት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻዋን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አላት።